እምቦጭ አምጥቼ በሬሳ ዳር ልትከል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ከደብረ ብርሃን በታች በሬሳ ዳር ሩብ ሄክታር የምታህል የመስኖ መሬት ከአባቴ ጋር እናለማለን። በበጋ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንችና ጎመን ነው። ከፋብሪካም ከጋራዥም ፍሳሽ ይዞ የሚወርድ ጅረት ከእኛ መጥለፊያ በላይ ወንዙ ላይ ይቀላቀላል፤ አንዳንድ ቀን ውኃው ሰማያዊ ይሆናል። እምቦጭ ከባድ ብረቶችን ከውኃ ይመጥጣል የሚል ቪዲዮ አየሁ። ከቆቃ ጥቂት አምጥቼ ልትከል? እሱ ካልሆነስ ምን ይሻላል?»

ወንድሜ፣ እምቦጩን አታምጣ። ይህን ያስቀደምኩት የቀረው ምላሽ ረጅም ስለሆነ ነው፤ መንገድ ላይ ብትተወኝ እንኳ ይህቺን ይዘህ እንድትቀር።

ቪዲዮው አልዋሸህም። የእምቦጭ ሥር እንደ ጭራ ተንዠርጎ ውኃ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ እርሳሱን፣ ካድሚየሙን፣ ክሮሚየሙን፣ መዳቡን አጥብቆ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ሚሲሲፒ ውስጥ ካለው ጣቢያው የሚወጣውን ፍሳሽ በእምቦጭ ለማጣራት ሞክሮ ጥሩ ውጤት አይቶበታል። ከዚያም በፊት፣ በ1950ዎቹ፣ ካቴ ዛይድል የምትባል ጀርመናዊት ተመራማሪ የረግረግ ተክሎች ፍሳሽ እንደሚያጣሩ ማሳየት ጀምራ ነበር። በ1990ዎቹ ደግሞ ቼርኖቤል አጠገብ ባለ ኩሬ ላይ የሱፍ አበባ በተንሳፋፊ መደብ ተክለው ሥሩ ራዲዮአክቲቭ ሲዚየምና ስትሮንቲየም እንዲለቅም አድርገዋል። ዕውቀቱ የቆየ ነው፣ እውነትም ነው።

የማይሆነው ቦታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እምቦጭ የአማዞን ልጅ ነው፤ የሚስማማው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሞቅ ውኃ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ባቄላህን እንዴት እንደሚለበልበው ታውቃለህ፤ የእምቦጩንም ቅጠል እንደዚያው ያደርገዋል። አንተ ዘንድ እየተንገታገተ ይቆያል እንጂ አያጣራልህም። እኔን የሚያስፈራኝ ክረምቱ ነው። በሬሳ ሲሞላ ይዞት ይወርዳል፤ በሬሳ ወደ ጀማ፣ ጀማ ወደ ዓባይ ነው። የጀማ ሸለቆ ደግሞ ሙቅ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ነው። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ ስንት ሰው በእጁ ሲነቅለው እንደከረመ አይተናል፤ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ራሱን እጥፍ ያደርጋል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። አንድ ጆንያ እምቦጭ ከቆቃ ጭኖ ማምጣት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መልሶ ማውጣቱ የአንተም የልጆችህም ዕድሜ አይበቃውም።

አሁን ቪዲዮው ያላሳየህን ሒሳብ እንሥራ።

እምቦጭ ከመቶ 95 እጁ ውኃ ነው። 10 ኩንታል እርጥብ እምቦጭ ብታወጣ ሲደርቅ 50 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል ውስጥ 100 ሚሊግራም ክሮሚየም ተጠራቅሟል እንበል። ከዚያ ሁሉ ሸክም የምታገኘው ክሮሚየም 5 ግራም ነው፤ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በሌላ በኩል በሰከንድ 1 ሊትር ብቻ የሚፈስ፣ በሊትር 1 ሚሊግራም ክሮሚየም የያዘ ቦይ በቀን 86 ግራም፣ በዓመት 31 ኪሎ ተኩል ክሮሚየም ያመጣል። ይህን በአጨዳ ብቻ አወጣለሁ ያለ ሰው በየቀኑ ከ170 ኩንታል በላይ እርጥብ እምቦጭ መጎተት አለበት። ፊላም፣ ያ ረጅሙ የረግረግ ተክል፣ ብትተክል ነገሩ ያው ነው፤ ፊላ በሄክታር በዓመት 20 ቶን ደረቅ ቢሰጥህ በዚያው ሒሳብ 2 ኪሎ ክሮሚየም ነው። ሥር ውስጥ ከዚህ እጅግ የበለጠ የሚያጠራቅሙበት ጊዜ አለ፤ አሥር እጥፍ አድርገህ ብታሰላውም ሸክሙ ከሚመጣው ጋር አይመጣጠንም።

ታዲያ ረግረግ ውኃ ያጣራል የሚባለው ሐሰት ነው? አይደለም። ሥራው የሚሠራው ግን በአብዛኛው ጭቃው ውስጥ ነው። ተክሉ ያን ጭቃ የሚያሰናዳ ባለቤት ነው በለው፤ የውኃውን ፍጥነት ይሰብራል፣ ደለሉን ያስቀምጣል፣ ቅጠሉና ሥሩ ሲበሰብስ ለባክቴሪያው ቀለብ ይሆናል። ወንዝ ውስጥ ካለው ብረት ብዙው ከደቃቅ አፈር ጋር ተጣብቆ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ውኃው ዝም ብሎ ቢተኛ እንኳ ከፊሉ ይወርዳል። የሟሟው ሌላ መንገድ አለው። አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ውኃው ውስጥ ያለውን ሰልፌት ወደ ሰልፋይድ ይለውጡታል፤ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል ከሰልፋይድ ጋር ሲገናኙ የማይሟሟ ጥቁር ነገር ሆነው ይቀመጣሉ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ለዚህ ነው፤ ሰው አፍንጫውን ሲይዝ እኔ ደስ የሚለኝ አንዱ ቦታ ይህ ነው። ክሮሚየም በዚህ መንገድ አይሄድም። ክሮሚየም 6 የሚባለው አደገኛው ዓይነት ብስባሽ ባለበት ጭቃ ውስጥ ክሮሚየም 3 ወደሚባለው ዓይነት ይለወጥና ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል።

ልብ በልልኝ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ግራም ብረት አልጠፋም። ብረት እንደ ሽንት ቤት ፍሳሽ በስብሶ አያልቅም። ከውኃ ወደ ጭቃና ወደ ተክል ተዛወረ፣ በቃ። እንግዲህ የትኛውን ተክል ልትከል ብለህ ከመጨነቅህ በፊት ያን ጭቃና ያን አጨዳ ማን፣ ወዴት ያደርገዋል የሚለውን መልስ።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ባልተቆጨሁ። ከዓመታት በፊት፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ቦታውን አልጠራውም፣ ከአንድ ፋብሪካ ፍሳሽ በታች ፊላና ቄጠማ ተክለን ነበር። የተከልነው ጅረቱ ሆድ ውስጥ ነው፤ ያ የመጀመሪያው ስሕተት። እስከ ሰኔ ያማረ ሆነ። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት የዘነበ ጎርፍ ከእነ ጭቃው ጠራርጎት ሄደ፤ ወር ሙሉ ያጠራቀምነውን በአንድ ሌሊት ለታችኛው ሰው ላክንለት ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት ከጅረቱ ወጣ አድርገን ቆፈርን። እሱ ጸደቀ። የካቲትና መጋቢት ላይ ግን በዚያ ሜዳ አረንጓዴ ነገር እኛ ጋ ብቻ ነበርና ከብቱ አጥሩን ጥሶ ገባ። የተረፈውን ደግሞ ለቅዳም ሹር የሰፈሩ ልጆች አጭደው ለቤተ ክርስቲያን አደረሱት። ቄጠማው ምእመናን ራስ ላይ ታሰረ፣ የቀረው ቤት ውስጥ ተጎዘጎዘ። ልጆቹ ምን አጠፉ? አንድም ሰው የዚህ ቄጠማ ሥር ምን እንደጠጣ አልነገራቸውም፤ መንገር የነበረብን እኛ ነን። ራስ ላይ የታሰረው አያሳስበኝም፤ የተጎዘጎዘው በማግስቱ ለበግ መሰጠቱ ነው። ካድሚየም ከገባ በጉበትና በኩላሊት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ዱለት ወዳድ አገር ነን።

ፋብሪካው ደግሞ ማጣሪያ አለኝ ይል ነበር። ቀን ቀን ይሠራል፣ ሌሊት ይለቀቃል። ናሙና የምንወስደው ቀን ስለነበር ወረቀታችን ላይ ውኃው ንጹሕ ነበር። ነገሩን ያጋለጠው ጭቃው ነው፤ ጭቃ ሌሊት የሆነውንም ይመዘግባል።

ወደ አንተ መሬት ልምጣ። እንደ ወንዝ አታስበው፤ ወንዙን አንተ አታጸዳውም። የምታጸዳው ከወንዙ የምትጠልፈውን ነው። ሩብ ሄክታር በበጋ በቀን 5 ሚሊሜትር ገደማ ውኃ ከጠጣች 12 ሜትር ኩብ ተኩል ነው፤ 60 በርሜል ያህል። ይህ የሚቻል መጠን ነው።

መጀመሪያ ከመጥለፊያህ አጠገብ፣ ግን ጎርፍ ከማይደርስበት ቦታ፣ 3 በ4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ የደለል ማስቀመጫ ጉድጓድ ቆፍር። ውኃው አንድ ቀን ይተኛበታል። ብዙ ሰው ይህን ንቆ ወደ ተክሉ ይሮጣል፤ እኔ ግን አንዱን ብቻ ሥራ ብትለኝ ይህን ነው የምመርጥልህ። ከሱ ቀጥሎ 10 በ20 ሜትር የሆነ፣ ውኃው ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚቆምበት ጠፍጣፋ የተክል ገንዳ። ተክሉና ጭቃው የሚይዘውን ቦታ ስትቀንስ ውኃው አምስት ቀን ይቆይልሃል። በብርድ ባክቴሪያው ስለሚዘገይ ሰባት ቀን ቢሆን እመርጣለሁ፤ ቦታ ካለህ 300 ካሬ ሜትር አድርገው። ውኃው በአንድ ጥግ ገብቶ በቀጥታ እንዳይወጣ መሐሉን በዝቅተኛ እርከን አጣምመው።

ለወለሉ ሲሚንቶ አያስፈልግህም። መረሬ አፈር አለህ፤ ውኃ አጠጥተህ በሬ አስገብተህ አስረግጠው፣ እንደ ዐውድማ። የመረሬ ክፋቱ ሲደርቅ መሰንጠቁ ነው፤ ስለዚህ ገንዳው አንዴ ከሞላ በጋውን ሙሉ መድረቅ የለበትም። ስንጥቁን ብቻ አይደለም የምፈራው፤ ያ በሰልፋይድ የታሰረ ብረት አየር ሲያገኝ ኦክሳይድ ሆኖ መልሶ ይሟሟል። ዓመቱን ያሰርከውን በአንድ ድርቅ ትፈታዋለህ። ከታች አንድ ስንዝር ያህል እበትና ገለባ ከጭቃው ጋር ለውስ፤ የባክቴሪያው ስንቅ ነው። ከሚጠጣ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከጉድጓዱም በታች ይሁን።

ተክሉን ከሩቅ አታምጣ። ፊላ እዚያው አካባቢ ረግረግ ላይ ታገኛለህ፤ ቅጠሉን ውርጭ ቢመታውም ከመሬት በታች ያለው ግንዱ አይሞትም፣ ዝናብ ሲመጣ ያንሰራራል። ቄጠማም፣ ሸምበቆም ይሆናሉ። ከእነ ሥሩ አንድ ክንድ እያራቅህ ተክል፤ ዓመት ሳይሞላው ራሱ ይገጥማል። የምስር ፍሬ የሚያህል ቅጠል ይዞ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ሌምና ራሱ ከመጣ ተወው፣ ግን አትመካበት። ቬቲቨር ሳር ብዙ ሰው ይመክርሃል። ጥሩ ተክል ነው፤ ሸዋ ሮቢት ብትሆን ኖሮ እኔም እመክርህ ነበር፤ ደጋው ላይ ግን እድገቱ ያዘግምብሃል። አጥሩን እሾህ አድርገው፣ ሁለት ዙር። ጎረቤትን ቁጭ አድርገህ ንገር፤ የእኔን ታሪክ ብትነግራቸውም ደስ ይለኛል።

ይህ ገንዳ ያዋጣሃል ወይስ ራሱ መርዝ ይሆንብሃል? የሚወስነው የሚገባው ውኃ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ለመስኖ ውኃ የሚመክረው የክሮሚየም ወሰን በሊትር 0.1 ሚሊግራም ነው፤ የካድሚየም 0.01። ያንተ ውኃ ወሰኑ ላይ ያለ፣ ማለትም 0.1 የሆነ እንደሆነ፣ በ150 የበጋ ቀን ገንዳህ የሚገባው ክሮሚየም በጠቅላላው 190 ግራም አይሞላም። 20 ቶን በሚያህል ጭቃ ውስጥ ሲበተን በኪሎ 9 ሚሊግራም ገደማ ነው። አሥር ዓመት ትሠራበታለህ፤ በየሦስት ዓመቱ ጭቃውን እያስመረመርክ። ውኃህ በሊትር 5 ሚሊግራም ከሆነ ግን ያው ገንዳ በአንድ በጋ ከ9 ኪሎ በላይ ክሮሚየም ይቀበላል፤ በኪሎ ጭቃ ከ400 ሚሊግራም ይበልጣል። ያን ጊዜ የሠራኸው ማጣሪያ መሆኑ ቀርቶ ከማሳህ ጋር ተያይዞ የተቀመጠ የፋብሪካ ቆሻሻ መጣያ ነው፤ በነጻ። እንዲህ ከሆነ አትቆፍር፣ ከዚያ ውኃም አታጠጣ።

የሰማያዊው ነገር ያሳስባል፣ ግን ማስረጃ አይደለም። ቆዳ የሚለፋበት የክሮሚየም ጨው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ነው፤ የጨርቅ ቀለምም ሰማያዊ ነው። አረፋም ከሳሙና ይመጣል። በተቃራኒው ካድሚየምና እርሳስ ጥርት ያለ ውኃ ውስጥ ሳይታዩ ይኖራሉ። ማፍላትም ውኃ አጋር መጨመርም ጀርም ነው የሚገድለው፤ ብረቱን አይነካውም፣ ማፍላት እንዲያውም ውኃው ሲተን ያከረዋል። እናትህ ከዚያ እየቀዱ ከሆነ ዛሬ አስቁማቸው።

ምርመራው እስኪመጣ ሰብሉን ማዘዋወር ትችላለህ። ካድሚየም ወደ ቅጠል መውጣት ይወዳል፤ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ የመጀመሪያዎቹ ተጠቂዎች ናቸው። እርሳስና ክሮሚየም አብዛኛው ሥር ላይ ይቀራል፤ ቅጠል ላይ የሚገኘው እርሳስ ብዙ ጊዜ ከአፈርና ከአቧራ ጋር የመጣ ስለሆነ በንጹሕ ውኃ አጥብቆ ማጠብ ይረዳል። ድንቹን ልጣችሁ ብሉት። ባቄላና አተር ካድሚየም አነስ አድርገው ከሚወስዱት ወገን ናቸው። ስለዚህ ጎመኑን ወደ ዝናቡ ጊዜ አዙረህ በመስኖው ቦታ ባቄላ ብታስገባ አባትህ ያጉረመርሙ ይሆናል፤ ነጋዴው የሚፈልገው ጎመኑን ነውና። አውቃለሁ።

ስለ አጨዳው። ፊላውን በዓመት አንዴ፣ ውርጭ ሳይመታው፣ መስከረም መጨረሻ ላይ እጨደው፤ ሥሩን አትንካ። ለከብት አይሰጥም፣ ለጉዝጓዝ አይሆንም፣ ብስባሽ ተብሎ ማሳ ላይ አይበተን። እንዲደርቅና እንዲነድም አታድርግ፤ ካድሚየም በጭስ ይወጣል፣ ክሮሚየም ያለበት ነገር ሲቃጠል ከፊሉ አመዱ ውስጥ ወደዚያ ወደ አደገኛው ዓይነት ይመለሳል። ውኃህ ወሰኑ አካባቢ ከሆነ የአንድ ዓመት አጨዳህ ከ200 ካሬ ሜትር 4 ኩንታል ደረቅ አይበልጥም፤ ከገንዳው ጎን ባለ፣ በመረሬ በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ቅበረውና ከላዩ አፈር ደልድልበት። ጭቃውን ስታወጣም ወደዚያው።

ከላይ ስላለው ፋብሪካ ደግሞ የምለው አለኝ፤ ምክንያቱም የዚህ ሁሉ ቁልፍ እዚያ ነው። የቆዳ ፋብሪካ ከሆነ፣ ቆዳ ሲለፋ ከሚጨመረው ክሮሚየም ሢሶ ያህሉ ቆዳው ላይ ሳይያዝ ከውኃው ጋር ይወጣል። ያን ውኃ ከሌላው እጥበት ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ቢይዙት በኖራ ወይም በማግኒዥየም ኦክሳይድ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ8 በላይ ሲደርስ ክሮሚየሙ ይዘቅጣል፤ በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙተው መልሰው ቆዳ ሊያለፉበትም ይችላሉ። ያረጀና የሚታወቅ አሠራር ነው። አንድ ገንዳ፣ አንድ ማማሰያ፣ ጥቂት ኖራ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ለማጥራት ረግረግ ጥሩ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሞጆ ላይ በቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ሲሠሩ የረግረጉን ተክል መጀመሪያ አላደረጉትም፣ ፍሳሹ በሌላ ማጣሪያ ካለፈ በኋላ ነው ያስገቡት። ከጋራዥ የሚመጣው እርሳስ ደግሞ አብዛኛው ከአሮጌ ባትሪ ነው፤ ባትሪ መሬት ላይ የሚደፋውን አንድ ጋራዥ ሄዶ ማነጋገር 300 ካሬ ሜትር ከመቆፈር ይቀላል።

ካልሰሙህ ሕግ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ ነካኝ ብሎ ማስረዳት ሳይኖርበት፣ ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጡህ፣ ወይም ውሳኔው ካልተዋጠልህ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ። ብቻህን አትሂድ፤ ከዚያ ጅረት የሚያጠጡትን ሁሉ ስም ሰብስብ፣ ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገብተህ ቁጥሩን ተቀበል። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

አሁን ጥር ነው፤ ወንዙ ስለቀጠነ ለናሙና ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ከሦስት ቦታ ውሰድ፦ ጅረቱ ከመግባቱ በላይ፣ ከራሱ ከጅረቱ፣ ከመጥለፊያህ። ጠርሙሱንና ናይትሪክ አሲዱን ላቦራቶሪው ራሱ ይስጥህ፤ አሲድ ካልተጨመረበት ብረቱ ጠርሙሱ ላይ ይለጠፍና ውጤቱ ይዋሻል። ፒኤቹን አሲዱ ከመግባቱ በፊት እዚያው ወንዙ ዳር ለካው። ከእያንዳንዱ ቦታ ከውኃው ጋር አንድ ኪሎ የወንዝ ጭቃም ያዝ፣ ከጥልቁ ሳይሆን ከላይ ካለው ደቃቅ ደለል፣ በብረት አካፋ ሳይሆን በፕላስቲክ ወይም በእንጨት። ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ብለህ ለይተህ ጠይቅ፤ «የውኃ ምርመራ» ብቻ ካልካቸው ጀርም አይተው ይመልሱሃል። ብሩ ለሁሉም ካልበቃ የውኃውን ተወውና የጭቃውን አስመርምር። ቁጥሮቹ ሲደርሱህ የገንዳውን ስፋት አብረን እናሰላዋለን፤ እስከዚያ አካፋውን አታንሣ።